ጋሽ ደምሴ እና ዲዳው ኮምፒውተር

የጋሽ ደምሴን ማረፍ የሰማሁት ቱሉ ዲምቱ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ከኋላዬ የነበረች ሴት ትከሻዬን ነካ አድርጋ፣ «ዘነበች አይደለሽም እንዴ?» አለችኝ። ዞር ስል ጽጌ ናት፤ ድሮ አቃቂ ፋብሪካ ስንሠራ ክበቡ ውስጥ ምሳ ታቀርብልን የነበረችው። ልጇን ጠይቃ ወደ አቃቂ መመለሷ ነበር። ተሳሳምን። ማን ጡረታ እንደወጣ፣ ማን ልጁን እንደዳረ ስታወራልኝ ቆየችና እኔ ድንገት፣ «ጋሽ ደምሴስ? ደህና ናቸው?» አልኳት።

«ውይ! አልሰማሽም?» አለችና አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዝ አደረገች። «አረፉ እኮ። አርባቸውም ወጣ።»

«መቼ?» አልኩ። አርባቸው ወጣ ከተባለ በኋላ መቼ ብሎ መጠየቅ ምን እንደሚጠቅም እንጃ።

«ብዙም አልተኙ። ለነገሩ ከቤት መውጣት ካቆሙ ስንት ዘመናቸው! እኔም የሰማሁት የዕድሩ ጡሩምባ ሲነፋ ነው።»

ታክሲው መጣና ገባን። ጽጌ ስለ ሌላ ሌላው ታወራለች፤ እኔ መስማት አቁሜያለሁ። መውረጃዬ ሲያልፈኝም አላወቅሁም።

ጋሽ ደምሴ የፋብሪካው ስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ሁለቱም ዓይኖቻቸው አያዩም። ዘጠኝ ዓመታቸው ላይ ኩፍኝ ይዟቸው እሳቸው ሲተርፉ ብርሃናቸው ሄደ። ከዚያ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገብተው ብሬል፣ እንግሊዝኛና የታይፕ ጽሕፈት ተምረው ወጡ። እኔ ጸሐፊ ሆኜ ስቀጠር ገና ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ እሳቸው ከሃምሳ አልፈዋል።

የሚሠሩበት ክፍል ከእኔ ክፍል ጋር በስስ ኮምፔንሳቶ ብቻ የሚለይ ጠባብ ጎጆ ነገር ነው። ከፊታቸው ሽቦ የሚሰካበትና የሚነቀልበት የድሮ የስልክ ሰሌዳ አለ። አንዱን ሽቦ ከሌላው የሚለዩት በጣታቸው ነው። የስልክ ቁጥር ማውጫቸውን ራሳቸው ያዘጋጁት ነው፤ ያለፈ ዓመት የግድግዳ ካሌንደሮች እየሰበሰቡ በወፍራሙ ወረቀት ጀርባ ላይ በብሬል ወግተውታል። ግን እሱንም ሲነኩ ብዙ አላይም ነበር። የአቃቂን ግማሽ፣ የሳሪስን ጋራዦች፣ የጉምሩክ ቢሮዎችን ሁሉ ቁጥር በቃላቸው ያውቁታል።

ሰው የሚያውቁት በእርምጃው ነው። ከማሽን ክፍል የሚመጣው ብረት ለበስ ጫማ፣ የሒሳብ ሹሙ የሚጎትተው እግር፣ የእኔ ተረከዝ፣ ሁሉም ተመዝግቧል። አንድ ቀን አዲስ ጫማ አድርጌ በቀስታ ባልፋቸው፣ «ዘኒ፣ ጠቦሻል፤ ነገ ያን የድሮውን አድርጊ» አሉኝ።

አንድ የማይወዱት ነገር ነበር። ሰው ሊረዳቸው ብሎ እጅጌያቸውን ሲጎትታቸው ፊታቸው ይለወጣል። በመጀመሪያው ሳምንት እኔም ያንኑ አደረግሁ። ቆም አሉና፣ «ክንዴን አትያዢ የኔ ልጅ፤ ክንድሽን ስጪኝ። ሲጎትቱኝ በሬ እመስላለሁ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ክንዴን እሰጣቸው ነበር።

ቤታቸው ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ ወዲያ ማዶ ስለነበር ወደ ሥራ የሚመጡት ሐዲዱን ይዘው ነው። በትራቸውን በአንዱ ብረት ላይ ጠብ ጠብ እያደረጉ ቀጥ ብለው ይመጣሉ። ባቡር ቢመጣስ ሲሏቸው፣ «እናንተ ሳታዩት እኔ በትሬ ላይ እሰማዋለሁ» ይላሉ። እውነታቸውን ነበር።

ከዚያ ፋብሪካው ተሸጠ። ያኔ የመንግሥት ፋብሪካዎች ወደ ግል የሚዛወሩበት ጊዜ ነው፤ ሁላችንም ስማችን ከየትኛው ዝርዝር ውስጥ እንደሚገኝ እየፈራን የምንውልበት። አዲሶቹ ባለቤቶች መጀመሪያ ካመጧቸው ነገሮች አንዱ ራሱ የሚያገናኝ የስልክ ማዞሪያ ነው። አንድ ቅዳሜ ሠራተኞች መጥተው የጋሽ ደምሴን ሰሌዳ ከግድግዳው ነቀሉት። እሳቸው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነበር። ሽቦዎቹ ወለሉ ላይ ሲወድቁ በየተራ ይሰማሉ፤ እሳቸው ደግሞ ለራሳቸው በሹክሹክታ፣ «ግዥ… ስቶር… ጥበቃ…» እያሉ ይጠራሉ። የትኛው መስመር እንደተቆረጠ ከአወዳደቁ ያውቁት ነበር።

አዲሱ የአስተዳደር ኃላፊ አቶ መስፍን ይባላሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ጋሽ ደምሴን አስጠርተው፣ «እንግዲህ የእርስዎ የሥራ መደብ ተሰርዟል፤ የሚመደቡበት ቦታ የለኝም» ሲሏቸው እኔ ቃለ ጉባኤ እይዝ ነበር።

«የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጸሐፊ ትፈልጋላችሁ አሉ» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«እንፈልጋለን። ግን በኮምፒውተር ነው።»

«ስክሪኑን እያነበበ የሚናገር ፕሮግራም አለ። ጓደኛዬ አስተማሪ ነው፤ እሱም እንደኔ አያይም፤ በእሱ ይሠራል። አንድ የተጣለ ኮምፒውተር ስጡኝና ስድስት ወር ጠብቁኝ።»

አቶ መስፍን እስክሪብቶአቸውን ሲያሽከረክሩ ቆዩ። «አራት ወር» አሉ በመጨረሻ። «ከዚያ ፈተና ይኖራል። ካለፉ መደቡ የእርስዎ ነው። ካልሆነ ግን ሌላ ምንም ላደርግልዎት አልችልም።»

ከስቶር አቧራ የጠጣ ኮምፒውተር ወጣልን። ዊንዶውስ ናይንቲ ኤይት የተጫነበት፣ ሲነሳ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ ነው። ጓደኛቸው የንባብ ፕሮግራሙን ሰጣቸው። ችግሩ ኮምፒውተሩ ድምፅ የለውም። የድምፅ ካርድ ከመርካቶ አስገዙ፤ ስም የሌለው፣ ከሌላ ማሽን የተነቀለ ካርድ ነው። ካርዱ ደግሞ ድራይቨር የሚሉት፣ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም ካልተጫነለት ተራ ሰሌዳ ነው። የካርዱ ዲስክ የለም። ጓደኛቸው ለተመሳሳይ ካርዶች የተሠሩ የሦስት ድራይቨሮች ዲስክ አሰባስቦ፣ «ከነዚህ አንዱ ይሆናል» ብሎ ላከላቸው።

ጋሽ ደምሴ ኮምፒውተር የሚጠቀሙት በድምፅ ብቻ ነው። ድምፁን ለማምጣት ግን ስክሪኑን ማንበብ ያስፈልጋል። ይህን ሲረዱት ሳቃቸው መጣ። «እኔ ዕውር፣ እሱ ዲዳ! አንቺ ባትኖሪ ኖሮ እንዲሁ ተፋጠን እንቀር ነበር» አሉኝ።

እናም በምሳ ሰዓት እኔ ዓይን ሆንኩ። እንጀራችንን ቶሎ ቶሎ ጎርሰን እንቀመጣለን፤ እኔ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን አነባለሁ፣ እሳቸው የሚነካውን ይነግሩኛል። እኔ ከደብዳቤ መጻፍ በቀር ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ነገር አልነበረም። እሳቸውም አያውቁም። ግን እኔ ሳላውቅ ዝም እላለሁ፤ እሳቸው ሳያውቁ ይጠይቃሉ።

የመጀመሪያውን ዲስክ ስንጭን ኮምፒውተሩ ሲነሳ መሃል ላይ ደርቆ ቀረ። ሁለተኛውን ስንጭን በሰላም ተነሳ፣ የድምፅ መጨመሪያና መቀነሻውም ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ ትንፍሽ ግን የለም። ሦስተኛው አንዲት ቃል ቁራጭ አወጣና እሷኑ እንደተበላሸ ሸክላ ሲደጋግም፣ እስክናጠፋው ድረስ አላቆመም። አንድ ወር እንዲሁ ሄደ። እኔ ተስፋ ቆርጬ፣ «ጋሼ፣ ካርዱ ራሱ ተበላሽቶ ይሆናል» አልኳቸው።

«ቃል ቆርጦ ያወጣ ካርድ እንዴት ተበላሸ ይባላል? መስመሩ አለ፤ የሚያገናኘው ነው የጠፋው» አሉ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቁኝ። «ዲስኩ ውስጥ በጽሑፍ የሚነበብ ነገር የለም?»

ነበር። ድራይቨሩ ሲጫን የትኛው ቁራጭ የት እንደሚገባ የሚያዝ የጽሑፍ ፋይል ነው። ከመስመር እስከ መስመር አነበብኩላቸው። ግማሹ ቁጥር ነው፣ ግማሹ ትርጉም የሌለው ምህጻረ ቃል። እሳቸው በብሬል መውጊያቸው ካሌንደር ወረቀት ላይ ይወጋሉ። የሦስቱንም ዲስኮች እንዲሁ አስነበቡኝ። አንድ ሳምንት ፈጀብን። በመጨረሻ ሦስቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግተው በሁለት እጃቸው እያመሳከሩ ሲዳስሱ ቆዩና፣ «ገባኝ» አሉ።

«ምኑ?»

«ድራይቨር አንድ ነገር መስሎን ነበር። አይደለም፤ ብዙ ሆነው ነው። አንዱ ንግግሩን ያወጣል። አንዱ ሙዚቃ ይጫወታል። አንዱ የጌም መጫወቻ እጀታ ይቆጣጠራል። አንዱ ድምፁን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። እኔ ምን ልጫወት? ምን ልዘፍን? ሙዚቃውንና ጌሙን አውጫቸው።»

«እንዴት ነው የማወጣቸው?»

«ጓደኛዬን ጠይቄዋለሁ። ከመስመሩ ፊት የእንግሊዝኛዋን ድርብ ሰረዝ ካስቀመጥሽ ማሽኑ ያን መስመር እንዳላየ ያልፈዋል።»

እንደተባልኩት አደረግሁ። ማሽኑን ያደረቀው ጌሙ ነው ብለው ስለገመቱ የሚናገረውን ክፍል ከመጀመሪያው ዲስክ ወሰድን፤ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ከሁለተኛው። እንዲህ የተገጣጠመውን በአንድ ፍሎፒ ላይ ገልብጠን ጫንነው። ኮምፒውተሩን አጥፍተን አስነሳነው። እያጓራ ተነሳ። አልደረቀም። የንባብ ፕሮግራሙን ከፈትኩት፤ ከትንሿ ስፒከር ውስጥ የአፍንጫ ድምፅ ያለው ፈረንጅ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናገረ።

ጋሽ ደምሴ ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ «አቤት!» አሉ።

ከዚያ ምን እንዳሉ ገባቸውና እየሳቁ ተቀመጡ። እኔም ሳቅሁ። ያን ያህል የሳቅሁበት ቀን አላስታውስም።

አልተጨረሰም ነበር። በማግስቱ ደብዳቤ ስናትም ድምፁ ቆመ። ማተሙ ሲያልቅ ቀጠለ። ደግመን አተምን፤ ደግሞ ቆመ። ኮምፒውተሩ ውስጥ እያንዳንዱ ዕቃ ዋናውን ማሽን የሚጣራበት የራሱ የመስመር ቁጥር አለው። ዝርዝሩን ከፍቼ አነበብኩላቸው።

«ፕሪንተሩ ስንት ላይ ነው?»

«ሰባት።»

«ካርዱስ?»

«እሱም ሰባት።»

ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። «ሁለት ሰው በአንድ መስመር! ይህንንማ ዕድሜዬን ሙሉ ሠርቼበታለሁ። አምስት ላይ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ካርዱን ወደ አምስት አዙሪልኝ።»

አዞርኩት። ከዚያ በኋላ ፕሪንተሩ እያንቋረረ ያትማል፤ ፈረንጁ ሳይደናቀፍ ያነባል።

የቀሩት ሳምንታት ጥሩ ነበሩ። ከእሳቸው ጋር ያሳለፍኩት ጥሩ ጊዜ ያ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ታይፕ ድሮም ያውቃሉ፤ አሁን ደግሞ የመቱትን ፊደል ሁሉ ማሽኑ ይነግራቸዋል፤ ሲሳሳቱ ወዲያው ሰምተው ያርማሉ። አማርኛ ግን አያነብላቸውም። ስማቸውን በእንግሊዝኛ ፊደል ቢጽፉለት «ዴሚሲ» ይላቸዋል። «ይበለኝ፤ ከዝምታው ይሻላል» ይሉ ነበር። ጣታቸው ቦታ እንዳይስት ቀኝ እጃቸው የሚያርፍበት ቁልፍ ላይ የሙጫ ጠብታ አድርጌላቸው ነበር። ለመለዋወጫ አቅራቢዎች የሚላኩትን ደብዳቤዎች ከእኔ ቀድመው ይጨርሳሉ፤ ስህተታቸውም ከእኔ ያንሳል። አንዱን አቶ መስፍን አንብበው ማን እንደጻፈው ሳያውቁ ፈርመውበታል።

የፈተናው ቀን ሰኞ ነበር። ጠዋት ስንገባ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ጠረጴዛ ተቀያይረዋል። ከዋናው ቢሮ የተላከ ቴክኒሺያን እሁድን ሙሉ ውሎ ሁሉንም አጥፍቶ አዲስ ዊንዶውስ ጭኗል። የጋሽ ደምሴንም። ኪቦርዱንም በአዲስ ለውጦታል።

ጋሽ ደምሴ ተቀምጠው ማብሪያውን ተጫኑና ጠበቁ። ማሽኑ ተነሳ። ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ሰማይና አረንጓዴ መስክ ወጣ። ድምፅ የለም።

«ዘኒ» አሉኝ። «ምን ሆኗል?»

ነገርኳቸው። አዳመጡኝና ፍሎፒዋን ከኪሳቸው አወጡ። ሁልጊዜ በኪሳቸው ነበር የምትኖረው። ጫንኩት። አዲሱ ዊንዶውስ አልቀበልም አለ፤ ለድሮው የተሠራ ቁራጭ ከእሱ ጋር አይገጥምም። የንባብ ፕሮግራሙም ለድሮው ነው። ቴክኒሺያኑ ገና ግቢ ውስጥ ነበረና ሮጬ አመጣሁት። ልጅ እግር ነው፤ ትሁት።

«የድሮውን መልስላቸው» አልኩት። «ለዚህ ለአንዱ ብቻ።»

«አይቻልም እህቴ። ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን የሚል መመሪያ ነው ያለኝ። የድሮው ሲዲም አብሮኝ የለም። ይቅርታ አባቴ፤ አላወቅሁም ነበር።»

«ከየት ታውቃለህ» አሉት ጋሽ ደምሴ።

አቶ መስፍን ጋ ሄድን። ጋሽ ደምሴ አንድ ሳምንት ስጡኝ አሏቸው። አቶ መስፍን ሰዓታቸውን አዩ፤ ከዋናው ቢሮ የመጡ ሁለት ሰዎች ፈተናውን ሊያዩ ተቀምጠዋል፤ የሚቀነሱት ሠራተኞች ዝርዝር ማክሰኞ ይዘጋል። «ማራዘም በእኔ እጅ አይደለም» አሉ። «ከፈለጉ እንዲሁ ይሞክሩ። ታይፕ ያውቃሉ አይደል?»

ጋሽ ደምሴ «እሞክራለሁ» አሉ።

ከጎናቸው እኔ እንድቀመጥ ተደረገ፤ ኮምፒውተሩን ከፍቼ የሚጻፍበትን ገጽ ላዘጋጅላቸው። አቶ መስፍን ጣታቸውን አንስተው፣ «ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ። ብትተነፍሺ ፈተናው ይሰረዛል፤ አንቺም ትጠየቂበታለሽ» አሉኝ። ያኔ እኛ ሁለት ጸሐፊዎች ነን፤ አንዳችን እንደምንቀነስ ተነግሮናል።

አቶ መስፍን ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ ማንበብ ጀመሩ። ጋሽ ደምሴ ጣቶቻቸውን አዲሱ ኪቦርድ ላይ አድርገው ቦታውን በጥንቃቄ ዳሰሱና ይጽፉ ጀመር። እንዴት ይጽፉ ነበር! አንድ አንቀጽ፣ ሁለት አንቀጽ፣ አንዲት ፊደል አልሳቱም። ከዋናው ቢሮ ከመጡት አንዱ ተነስቶ ከኋላቸው ቆሞ ያያል፤ ፊቱ ላይ መገረም አየሁ። ሁለተኛውን አንቀጽ እንደጨረሱ ተመልሶ ተቀመጠ።

ያን ጊዜ የአቶ መስፍን ጠረጴዛ ላይ ያለው ስልክ ጮኸ።

የጋሽ ደምሴ ቀኝ እጅ ተነሳች። ሳያስቡት ነው፤ ሃያ ምናምን ዓመት ስልክ ሲጮህ ስትነሳ የኖረች እጅ ናት። አየር ላይ ትንሽ ቆየችና ተመለሰች። ስትመለስ አንድ ቁልፍ ወደ ጎን አረፈች። የሙጫዋ ጠብታ እዚያ የለችም።

አቶ መስፍን ስልኩን ዘግተው ማንበባቸውን ቀጠሉ። ጋሽ ደምሴም መጻፋቸውን ቀጠሉ። ስክሪኑ ላይ በግራ እጅ የሚመታው ፊደል ትክክል ነው፤ በቀኝ የሚመታው ሁሉ ተዛብቷል። ቃል የሚመስል ነገር አልነበረውም። መስመር ሞላ። ሌላ መስመር ሞላ። ቀና ብለው፣ ዘና ብለው፣ ያን የማይነበብ ነገር በሚያስደንቅ ፍጥነት ይጽፋሉ። ከእኔ በቀር ስክሪኑን የሚያይ የለም።

ማሳል እችል ነበር። ክርናቸውን መንካት እችል ነበር። እግሬን ወለሉ ላይ ባንቀሳቅስ እንኳ የሚሰሙ ሰው ናቸው። ለሰው ሳወራው ፈተናው ይሰረዝባቸዋል ብዬ ፈርቼ ነው እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ያን ሰዓት የፈራሁት ለእሳቸው አልነበረም። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እስከ መጨረሻው ተቀመጥኩ።

«ጨረሱ?» አሉ አቶ መስፍን።

«ጨርሻለሁ» አሉ ጋሽ ደምሴ፤ ፊታቸው በርቷል። ወደ እኔ ዞር ብለው ቀስ ብለው፣ «እንዴት ነው ዘኒ?» አሉኝ።

አቶ መስፍን መጥተው ስክሪኑን አዩ። ሁለቱ ሰዎች አዩ። አንደኛው አንድ ነገር በእንግሊዝኛ አጉተመተመ። የጋሽ ደምሴ ፊት ከዚያ ዝምታ ውስጥ ቀስ በቀስ ሲለወጥ አየሁት።

የስንብት ደብዳቤያቸውን ያዘጋጀሁት እኔው ነኝ። ያ የእኔ ሥራ ነበር። ሌላዋ ጸሐፊ ተቀነሰች፤ እኔ ቀረሁ።

ከወር በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ በደስታ ተቀበሉኝ፤ «የምትወድህ ልጅ መጣች» እያሉ አስገቡኝ። ጋሽ ደምሴ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። እርምጃዬን ሰምተው ስሜን ሲጠሩ እንደ ድሮው መሰለኝ። እትዬ አስካለ ጓዳ ሲገቡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከየት ጀምሮ ነው የተበላሸው?» አሉኝ።

«ስልኩ ከጮኸ በኋላ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እጃቸው ምን እንዳደረገች ያኔ የገባቸው መሰለኝ። «አይተሽ ነበር?»

«አይቼ ነበር ጋሼ።»

እጃቸው በጉልበታቸው ላይ የሌለ ነገር ሲዳስስ አየሁ። ቆይተው፣ «እሺ» አሉ። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። ለምን ዝም አልሽ ብለውም አልጠየቁኝም። ስለ ዝናቡ አንስተው አወሩኝ።

ኮምፒውተሩን ልጠይቅላቸው አስቤ ስቶር ሄጄ ነበር፤ ከሌላ አሮጌ ዕቃ ጋር ለጨረታ ወጥቷል ተባልኩ። ባዶ እጄን መሄድ ስላፈርኩ ሳልሄድ ወራት አለፉ። ከዚያ በዓመት በዓል ብቻ ደወልኩ። ሁልጊዜ ስልኩን የሚያነሱት እትዬ አስካለ ናቸው፤ ጋሽ ደምሴ ስልክ አይነኩም ነበር። «ተኝቷል» ይሉኛል፤ «እነግርልሻለሁ።» ባቡሩም መምጣት አቆመ፤ ሐዲዱን ሱቅና ቆሻሻ ወረረው፤ በትራቸውን ይዘው የሚሄዱበት መንገድ ጠፋ። ፋብሪካውም ተዘግቶ እኔ ሌላ ቦታ ተቀጠርኩ፤ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገባሁ። መደወሉም ቀረ።

ጽጌን ባገኘኋት በሦስተኛው ቀን አቃቂ ሄድኩ። እትዬ አስካለ ጥቁር ለብሰው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። አቀፉኝ፣ አለቀስን፤ ሳልቀር በመምጣቴ መረቁኝ። ገብተን ተቀመጥን። እጄን ይዘው ስለ ጋሽ ደምሴ መጨረሻ ቀኖች አወሩልኝ፤ እህል እምቢ ማለታቸውን፣ ጣታቸው ብርድ ልብሱ ላይ ሳያቋርጥ ይጽፍ እንደነበር።

«ያ ፈተና ነው የገደለው» አሉ። «አልሸሽግሽም፤ ሰው ነው የገደለው። አጠገቡ ተቀምጦ ስህተቱን እያየ ዝም ያለ ሰው ነበር አሉ። ከፋብሪካው አንዱ ነግሮኛል፤ ማን እንደሆነ ግን እሱም አያውቅም። ማን ነው ብዬ ስንት ጊዜ ጠየቅሁት መሰለሽ። ‹አላውቅም፤ እኔ ዕውር ነኝ፣ ምን አይቼ ልነግርሽ?› ይለኛል። እሱ! በኮቴ ሰው የሚለየው! አንቺ እዚያው ትሠሪ አልነበር? ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ብል ያምኑኝ ነበር። ያን ያህል ዓመት ጋሽ ደምሴ የጠበቁልኝን ዝምታ መቀጠል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

«እኔ ነኝ እትዬ አስካለ» አልኩ።

ይዘውት የነበረውን እጄን ለቀቁት። አልጮኹም፤ አልረገሙኝም። የለቀቁትን እጄን ያዩታል።

«ይኼን ያህል ዘመን የደበቀልሽን» አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ደክሟል። «ከሄደ በኋላ ለምን አመጣሽብኝ? በዚህ ቤት ስምሽ በደግ ይነሳ ነበር። አሁን ያንንም ወሰድሽብኝ።»

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ። ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡ። ይመለሳሉ ብዬ ጠበቅሁ። ጎረቤት ሴት መጥታ በሩ ላይ ቆመችና ብቻዬን ስታየኝ፣ «እትዬ የሉም እንዴ?» አለች። «አሉ» አልኳት። ትንሽ ቆይቼ ጫማዬን አደረግሁና ወጣሁ።